ሣጥኑ ከአጥሩ ውጭ ይቀመጥ፦ በገጠር መቃብር ስለሚደረገው የሣጥን ፍለጋ ለቀረበ ክስ የተሰጠ ምላሽ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ገጠር ወጣ ባሉበት ቀን፣ በአንድ አሮጌ መካነ መቃብር ውስጥ ሰዎች ስልካቸውን እያዩ በመቃብሮቹ መካከል ሲመላለሱና ከአንድ ሐውልት ሥር ትንሽ ቆርቆሮ ሲያወጡ አይተው ደነገጡ። ነገሩ ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ መሆኑን ሲሰሙ ድንጋጤው ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ ጽሑፉም የተወለደው ከዚያ ቁጣ ነው። የሚለውም ይህን ነው፦ በባህላችን መቃብር የሚኬድበት ለቀብርና ለተዝካር እንጂ ለጨዋታ አይደለም፤ «ሀብት ፍለጋ» የተባለው ነገር የመቃብር ቁፋሮ ማለማመጃ ነው፤ ድርጊቱ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የገጠር መቃብር ጠባቂ ስለሌለው እንግዳ ሊመራበት አይገባም፤ ልጆችን ድፍረት ያስተምራል፤ በመጨረሻም ለእኛ ለጥቁር ስደተኞች አደጋ ያመጣል። ስለዚህ ጨዋታው ከመቃብር ሥፍራ ሁሉ እንዲወጣ የጨዋታውን ድረ ገጽ ለሚያስተዳድረው ኩባንያ ደብዳቤ እንጻፍ ይላሉ።

እኔ ይህን ጨዋታ እጫወታለሁ፣ ስለዚህ ተከሳሽ ነኝ። ነገር ግን የምመልሰው ሁሉንም ለመካድ አይደለም። ከክሶቹ መካከል አንዱ ጸሐፊው ከጻፉት በላይ ከባድ ነው፤ እርሳቸው ግን ባህልን በሚመለከት ገጾች ጽፈው ያንን ከባዱን ነገር በአንድ አንቀጽ አልፈውታል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። አንድ ሰው ትንሽ መያዣ ይደብቃል፤ በውስጧ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ይኖራል። የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በድረ ገጽ ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ ወይም በጂፒኤስ መሣሪያ እየተመራ ይሄዳል፣ ፈልጎ ያገኛል፣ ስሙን ይጽፋል፣ መያዣዋንም ወደ ነበረችበት ይመልሳል። መያዣው የድሮ የፎቶ ፊልም ቆርቆሮ ወይም የወታደር ጥይት ሣጥን ሊሆን ይችላል፤ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ባለ ማግኔት ብልቃጥም ትኖራለች። በዓለም ዙሪያ ከሦስት ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች አሉ። ታዲያ ከእነዚህ ብዙዎቹ ለምን መቃብር ውስጥ ገቡ ቢባል፣ የገጠር መቃብር ጸጥ ያለ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ታሪክ አለው፣ መኪና ማቆሚያም አይጠፋውም።

አሁን ወደ ክሶቹ። የመጀመሪያው የባህል ክስ ነው፤ እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው። በባህላችን ወደ መቃብር የሚኬደው ለቀብርና ለተዝካር ብቻ ነው የሚሉት ጸሐፊ የትኛውን የቤተ ክርስቲያን ግቢ አይተው ነው? በንግሥ ዕለት ያ ሁሉ ሕዝብ የሚቀመጠው የት ሆነና? የቆሎ ተማሪና መነኩሲት መቃብር ቤት ውስጥ ያድራሉ። ከቅዳሴ በኋላ አዛውንቶች የዘመድ መቃብር ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናብና ስለ እህል ዋጋ ያወራሉ። ልጆች በሐውልቶች መካከል ድብብቆሽ ይጫወታሉ፤ የሚቆጣቸውም የሐውልቱን መስቀል ሲይዙ ወይም ሻማ ሲያጠፉ እንጂ በመገኘታቸው አይደለም። ነውሩ ማጉደፍ ነው፣ ማፍረስ ነው፣ የሰው ሐዘን ላይ መሳቅ ነው። የአክሱም ሐውልቶች የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ የጢያ ትክል ድንጋዮችም ከሥራቸው መቃብር አለ። ያንን ሊያይ የሚሄደውን ጎብኚ ማን ነውረኛ ይለዋል?

ደግሞስ እዚህ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ የተኙት የእኛ ዘመዶች አይደሉም። ክብራቸው በማን ልማድ ይለካ? በእነርሱ ቤተሰብ ልማድ መሆን አለበት እንጂ በእኛ አይደለም። የእነርሱን ልማድ ደግሞ ብንጠይቅ ጸሐፊው የጠበቁትን አናገኝም። በአፓላቺያን ተራሮች አካባቢ ባሉ የገጠር ማኅበረሰቦች በፀደይና በበጋ መጀመሪያ አንድ እሑድ ተመርጦ ዘመድ አዝማድ ከየአለበት ይሰበሰባል፤ አረም ይነቀላል፣ መቃብሩ በአበባ ይሸፈናል፣ ከዚያ እዚያው አጠገብ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ምሳ ይበላል፣ መዝሙር ይዘመራል። በሰሜን ካሮላይና በ1940ዎቹ የተሠራው የፎንታና ግድብ ወደ አንዳንድ መንደሮች የሚወስደውን መንገድ ውሃ ስላስዋጠው፣ የብሔራዊ ፓርኩ አገልግሎት የእነዚያን መንደሮች ተወላጆች ወደ መቃብሮቻቸው በጀልባ ሲያሻግር ኖሯል። በ1831 በቦስተን አጠገብ የተከፈተው የማውንት ኦበርን መካነ መቃብርም የሕዝብ መናፈሻ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ሰው በዛፎቹ ሥር የሚንሸራሸርበት ቦታ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ቤተሰብ ምሳ የሚበላበት ቦታ ላይ እንግዳ ይቦርቅበት ለማለት አይደለም። የቤተሰብና የእንግዳ መብት አንድ አይደለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ነገር ግን «በሕያዋን እግር መረገጡ ራሱ ነውር ነው» የሚለው መነሻ በእኛም በእነርሱም ዘንድ እውነት አይደለም።

የቁፋሮው ክስ ብዙ ቦታ አይገባውም። ያለ ባለ መሬቱ ግልጽ ፈቃድ መሬት ቆፍሮ ሣጥን መቅበር በጨዋታው ደንብ የተከለከለ ነው፤ ለመፈለግም መቆፈር እንዲሁ። እያንዳንዱ አዲስ ሣጥን በድረ ገጹ ከመውጣቱ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ መርማሪ ያየዋል፣ ደንብ የጣሰውንም ይመልሳል። ጸሐፊው የጨዋታውን ታሪክ ቢመረምሩ ግን ለክሳቸው የሚሆን ጥሩ ማስረጃ ባገኙ ነበር፤ እኔው ልስጣቸው። የአሜሪካ መንግሥት በሲቪል ጂፒኤስ ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስሕተት ያነሣው እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ነው። በማግስቱ በኦሪገን ግዛት አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ በጫካ ዳር ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ አስቀምጦ አቅጣጫውን በኢንተርኔት አወጣ፤ ያ ባልዲ ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነበር። በውስጡ የነበረው «ሀብት» ደግሞ መጽሐፍ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ወንጭፍ፣ ጥቂት ገንዘብና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነው። የዛሬው ሣጥን ከዚያም ይደኸያል፦ የላስቲክ ዳይኖሰር፣ የቁልፍ መያዣ፣ አንዳንዴ ቀለሙ የደረቀ እስክሪብቶ። ለዚህ ብሎ መቃብር የሚቆፍር ሰው ካለ ችግሩ ሌላ ነው።

ሕግን በሚመለከት ጸሐፊው እንደ ማስረጃ የጠቀሱት የሳውዝ ካሮላይናን ግዛት ነው፤ በ2005 በመቃብር ውስጥ ጂኦካሺንግን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች ይላሉ። አላወጣችም። ረቂቁ በግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፣ በሴኔቱ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። ረቂቁ ራሱ የሚለውም በመቃብርና በታሪካዊ ቦታዎች ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ አይፈለግ ነው። ፈቃድ ይጠየቅ ማለትና ይከልከል ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ጸሐፊው ሩቅ ከሚሄዱ እዚሁ በቤታቸው ያለውን ሕግ ቢያዩ ይሻል ነበር። የቨርጂኒያ ሕግ በሌሊት ያለ ባለቤቱ ወይም ያለ ጠባቂው ፈቃድ ወደ መካነ መቃብር መግባትን ይከለክላል፤ የራሱን ቤተሰብ መቃብር ለማየት ከሚሄድ በቀር። ቅጣቱ እስከ 250 ዶላር ነው። በግል መሬት ላይ ያለ መቃብርን በሚመለከትም ባለ መሬቱ እንዲያስገባ የሚገደድላቸው ሰዎች ተለይተው ተጽፈዋል፦ የሟች ቤተሰብና ዘር፣ በዚያ የራሱ የመቃብር ቦታ ያለው ሰው፣ አስቀድሞ ያሳወቀ የትውልድ ሐረግ አጥኚ። ሣጥን ፈላጊ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በቴክሳስ ግን ሕጉ ሰፋ ይላል፤ መንገድ የሌለውን መቃብር መጎብኘት የፈለገ ማንኛውም ሰው በአግባቡ የመግባትና የመውጣት መብት አለው። ስለዚህ «ሕገ ወጥ ነው» የሚባል አንድ መልስ የለም፤ «መቃብር የሕዝብ ነው፣ ማን ይከለክለኛል» የሚለው የአንዳንድ ተጫዋቾች መልስም ያው ባዶ ነው። በቨርጂኒያ ገጠር ብዙው መቃብር በአንድ ገበሬ ማሳ መካከል ያለ የቤተሰብ መቃብር ነው። በሩን ማንኳኳት ግድ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሡትን የእኛን የተጫዋቾችን ጥፋት ልናገር። በዚህ ጨዋታ አዲስ ሣጥን ቀድሞ ማግኘት እንደ ትልቅ ክብር ይቆጠራል። ማስታወቂያው ማታ አራት ሰዓት ላይ ቢወጣ ባትሪ ይዞ የሚሮጥ አይጠፋም። ይህ በጫካ ውስጥ ቢሆን የራሱ ጉዳይ ነው፤ በመቃብር ውስጥ ሲሆን ግን በቨርጂኒያ ወንጀል ነው፣ በሌላም ቦታ ጎረቤትን ከእንቅልፉ የሚያስነሣ ብልግና ነው። ሣጥን የሚደብቅ ሰው በማስታወቂያው ላይ ፀሐይ ከወጣች በኋላና ከመጥለቋ በፊት ብቻ ብሎ ካልጻፈ መርማሪው ሊመልስበት ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ጠባቂ የሌለው መቃብር የሚለው ነጥብ ነው። የጸሐፊው አስተሳሰብ ግልጽ ነው፦ ጠባቂ የሌለውን ቦታ ለማንም አታሳይ። ግማሹ ተሳስቷል። የገጠር መቃብር ትልቁ ጠላት መረሳት ነው። ከብት ይታከክበታል፣ ዛፍ ይወድቅበታል፣ ማረሻ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ጠርዙን ይበላዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ መሬቱ ይሸጥና ቡልዶዘር ይመጣል፤ መቃብር እንደነበረ የሚመሰክር ሰው ከሌለ ያልፍበታል። ፋይንድ ኤ ግሬቭ የተባለው በ1995 የተጀመረ የመቃብር መዝገብ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መቃብሮችን ሊያሰባስብ የቻለው ፈቃደኞች በየጥሻው ገብተው ሐውልት ፎቶ እያነሡ ስለላኩ ነው። ጂኦካሺንግ ያመጣው እንግዳም አረም ያየ እንደሆነ፣ የወደቀ ሐውልት ያየ እንደሆነ ለቤተ ክርስቲያኑ ወይም ለካውንቲው የሚናገር ነው። ተጫዋቾች ከ2002 ጀምሮ ቆሻሻ የሚለቅሙበት የተለየ ዘመቻም አላቸው።

ግን ግማሹ እውነት ነው፤ ጸሐፊው ያላዩት ለምን እውነት እንደሆነ ነው። ስለ ክብር ብዙ ጽፈው ስለ ድንጋይ ምንም አልጻፉም። ጉዳቱ የሚደርሰው ከድንጋዩ ላይ ነው።

ጂፒኤስ ሣጥኑ ያለበትን ነጥብ አያሳይም፤ የሚያሳየው ሣጥኑ ሊኖርበት የሚችለውን ክብ ነው። በሜዳ ላይ ጥሩ ስልክ በጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል፤ በገጠር መቃብር ውስጥ በሚበቅለው በትልልቁ የጥድና የኦክ ዛፍ ሥር ስሕተቱ አሥር ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የደበቀው ሰው ስሕተትም በላዩ ይጨመርበታል። ስለዚህ አንድ ሣጥን በአንድ ሐውልት ሥር ተደበቀ ማለት ፈላጊው በዙሪያው ያሉትን በደርዘን የሚቆጠሩ መቃብሮች ሁሉ እየዞረ ይነካካል ማለት ነው። ደባቂው ሣጥኑን ያስቀመጠበትን አንድ ሐውልት አስቦ «ጉዳት የለውም» ይላል፤ ስለ ሌሎቹ አላሰበም። ፈላጊው ደግሞ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው፤ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእርሱ ነው።

የሚነካካውስ ምንድን ነው? በደቡብ ግዛቶች ያሉ የድሆች መቃብሮችና የባሪያዎች መቃብሮች አብዛኞቹ የተቀረጸ ሐውልት የላቸውም። ምልክታቸው ከማሳ የተለቀመ፣ ያልተጠረበ፣ ፊደል የሌለው ድንጋይ ነው፤ አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ። ክርስቲያኖቹ እንደ እኛው ራሳቸውን ወደ ምዕራብ እግራቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ስለሚቀበሩ፣ ልማዱን የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ድንጋዮች አይቶ በመካከላቸው ሰው እንዳለ ይረዳል። ሣጥን ፈላጊ ግን ለብቻው የተቀመጠ ድንጋይ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሥሩ ሣጥን አለ። ያነሣዋል። ምንም አያገኝም። ሲመልሰው ግማሽ ክንድ ፈቀቅ ያደርገዋል። የሚቀጥለው ሰውም እንዲሁ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያ ድንጋይ ተራ ድንጋይ ይሆናል፤ ከሥሩ የነበረው ሰው ስም ቀድሞም አልነበረውም፣ አሁን ቦታም አጣ። በተንኮል የሆነ አይደለም፣ ማንም አልቆፈረም፣ የጨዋታውም ደንብ አልተጣሰም። መቃብሩ ግን ጠፍቷል።

ይህም ብቻ አይደለም። በብዙ የጥቁር አሜሪካውያን የገጠር መቃብሮች ላይ ዛጎል፣ የተሰበረ ሲኒ፣ ሳህን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ሰዓት፣ ፋኖስ ተቀምጦ ይገኛል። ሟቹ በመጨረሻ የተጠቀመባቸውን ዕቃዎች መቃብሩ ላይ ማስቀመጥ የቆየ ልማዳቸው ነው። ለማያውቅ ሰው ግን ይህ ቆሻሻ ነው፤ ከላይ ያመሰገንኩት ቆሻሻ ለቃሚም ቢሆን በመልካም ልብ ጠራርጎ በከረጢት ሊወስደው ይችላል። ፈላጊው ደግሞ ብልቃጡን ከፍቶ ውስጡን ያያል። በአይሁዶች መቃብር ላይ ጠጠር፣ በወታደሮች ሐውልት ላይ ሳንቲም ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ «መጥቼ ነበር» የሚል የቤተሰብ ወይም የጓድ ምልክት ነው። ዙሪያውን የሸፈነው ሰማያዊ አበባ የሚያወጣው ዓመቱን ሙሉ የማይጠወልግ ሐረግም በዘፈቀደ የበቀለ አይደለም፤ በቨርጂኒያ በጫካ ውስጥ ያ ሐረግ ከታየ ብዙ ጊዜ ከሥሩ መቃብር አለ። ፈላጊው እርሱንም በእግሩ እየገለጠ ይፈልጋል።

እንግዲህ ጉዳቱን የሚያመጣው ምን እንደሆነ ይታይ። ሰው መምጣቱ አይደለም። ሐውልት ማንበቡ አይደለም። እጅን ወደ ድንጋይ የሚጠራው በመቃብሮቹ መካከል ያለው ሣጥን ነው። ሣጥኑ ከዚያ ይውጣ። ጉብኝቱ ይቅር ማለት ግን ከዚህ አይከተልም፤ የጸሐፊው ስሕተት ሁለቱን አንድ ማድረጋቸው ነው።

ደግሞም መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም፣ ጨዋታው ራሱ አለው። ደባቂው ሣጥኑን ከአጥሩ ውጭ፣ ፈቃድ ባገኘበት ቦታ ያስቀምጣል። የወጣው አድራሻ ግን ወደ መቃብሩ በር ይመራል፤ የሣጥኑ አድራሻ ከፊል ቁጥሮቹ ጎድለዋል። ጎብኚው ገብቶ በመንገዱ ዳር ያለውን አንድ የታወቀ ሐውልት ያነብባል፤ የተወለደበት ዓመት ሦስተኛ ቁጥር ለኬክሮሱ፣ የሞተበት ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ለኬንትሮሱ ይሆናል። ሞልቶ ይወጣል፣ ከውጭ ሣጥኑን ያገኛል። በመቃብሮቹ መካከል እጁን ያሳረፈበት ነገር የለም፣ የአንድ ሰው ስም ግን አንብቧል። በእንግሊዝ በሺዎች የሚቆጠሩ «ቸርች ማይክሮ» የሚባሉ በቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የተቀመጡ ሣጥኖች አሉ፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ያለ ፈቃድ ሣጥን ማስቀመጥ ስለማይቻል፣ እዚያ ያለው ጨዋታ አብዛኛው ሣጥን የለውም፤ ቦታው ላይ ተገኝቶ ለጥያቄ መልስ መስጠት ይበቃል። በሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ፓርኩ በ1935 ሲመሠረት ከተነሡት ቤተሰቦች የቀሩ በርካታ መቃብሮች አሉ፤ ማንም ድንጋይ ሳያነሣ ሊጎበኙ ይችላሉ።

አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ይህን ተጫዋቾች ራሳቸው ብዙም አያስቡበትም። በደንቡ መሠረት አንድ ሣጥን ከሌላው ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። ስለዚህ በአጥሩ አጠገብ ከውጭ የተቀመጠ አንድ ሣጥን በዙሪያው ያለውን መካነ መቃብር ከሌላ ሣጥን ይጠብቃል። የቤተሰብ መቃብር ትንሽ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ሁሉም ሣጥን ይነሣ ከተባለ ግን ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ከሐውልቱ ሥር ያስቀምጣል። የተከለከለ ነገር በገጠር ማን ያየዋል?

«ከአጥር ውጭ» ማለት ቀላል አይመስለኝም፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው የገበሬ በቆሎ ሊሆን ይችላል፣ የመንገዱ ዳር ደግሞ የግዛቱ ነው። ሰው መጠየቅ ይፈልጋል። ከመቃብር ሥር መደበቅ የበዛው ማንንም መጠየቅ ስለማያስፈልግ ይመስለኛል፤ ሙት አይቃወምም።

ስለ ልጆች የተባለውን ቶሎ እመልሳለሁ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ፈጽሞ አልስማማም። ልጅን ወደ ገጠር መቃብር ወስዶ የበግ ግልገል የተቀረጸባቸውን ትንንሽ ሐውልቶች ማሳየት ድፍረት አያስተምርም። ግልገሉ የሕፃን መቃብር ምልክት ነው፤ በአንድ ቤተሰብ መስመር አራትና አምስት ግልገል ሲደረደር ልጁ ራሱ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበርና በኖቬምበር 1918 የሞቱ ወጣቶች ሐውልት በየገጠሩ አለ። ያ በእኛ አገር በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወሰው ወረርሽኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ከዚያው ጋር ይያያዛል። በቨርጂኒያ የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ አያቱ የሚነግሩትንና እዚህ ድንጋይ ላይ ያነበበውን የሚያገናኝበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሁለት ማሳሰቢያ ግን አለኝ። አንደኛው የደህንነት ነው፦ አሮጌ ሐውልት ከመሠረቱ የላላ ነው፣ ክብደቱም ከባድ ነው፣ ወድቆ ልጅ የገደለበት ጊዜ አለ። ልጅ ሐውልት አይደገፍም፣ አይንጠላጠልም። ሁለተኛው የድንጋዩ ነው፦ የደበዘዘ ጽሑፍ ለማንበብ ዱቄት የሚነሰንሱ፣ የጺም መላጫ አረፋ የሚቀቡ ሰዎች አሉ። አረፋው አሲድ ያለው ቅባት በዕብነ በረዱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይተዋል። መስተዋት ይዞ የፀሐይን ብርሃን ከጎን ወደ ሐውልቱ ቢመልሱት ፊደሉ ጥላ ጥሎ ይነበባል። ልጆችም ይወዱታል።

የመጨረሻው ክስ ጥቁር ስደተኛ በገጠር መቃብር ውስጥ ሲያጎነብስ ቢታይ ጎረቤቱ ሸሪፍ ይጠራል የሚለው ነው። ይህ የማይሆን ነገር አይደለም፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው አንሂድ ማለት ከሆነ፣ ዓሣ ማጥመድም፣ በጫካ መሄድም፣ የሚሸጥ ቤት መዞርም ልንተው ነው። ደግሞም ከእነዚያ መቃብሮች ውስጥ ብዙዎቹ የጥቁሮች ናቸው። ተጫዋቹ ሊያስተካክለው የሚችለው አንድ ነገር ግን አለ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ አላፊ አግዳሚ እንዳያይህ ተደብቀህ ፈልግ የሚል ልማድ አለ፤ ሰው ሲመጣ ስልክ እንደሚያወራ መምሰል፣ ጫማ እንደሚያስር ማጎንበስ። በከተማ አደባባይ ይህ ያስቃል። በገጠር መቃብር ግን የሚያስጠረጥረው እርሱ ነው። እዚያ በቀን ይኬዳል፣ መኪና በሚታይበት ቦታ ይቆማል፣ በአቅራቢያው ያለ ቤት ይንኳኳል። በሩን የሚከፍቱት ሴትዮ አብዛኛውን ጊዜ እነማን እንደተቀበሩ የሚያውቁ የመጨረሻዋ ሰው ናቸው፤ ከሸሪፉ ይልቅ እርሳቸውን መገላገል ይከብዳል፣ ወሬያቸው አያልቅም። ሣጥኑ ውጭ ከሆነ ደግሞ በመቃብሮቹ መካከል የሚያጎነብስ ሰው አይኖርም፤ ቆሞ የሚያነብብ ሰው ነው ያለው፣ እርሱም የትውልድ ሐረግ አጥኚን ይመስላል።

ደብዳቤውን በሚመለከት፣ አሁን በተጻፈበት መልክ አልፈርምም። ሦስት ነገር ቢጠይቅ ግን እፈርማለሁ፦ በመካነ መቃብር አጥር ውስጥ ምንም ዓይነት መያዣ እንዳይቀመጥ፣ ቀድሞ ያሉትም ወደ ውጭ እንዲወጡ፤ መቃብርን የሚያስጎበኝ ማስታወቂያ ሁሉ የቀን ሰዓት እንዲጻፍበትና የባለ መሬቱን ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ፈቃድ ማን እንደሰጠ ለመርማሪው እንዲገለጽ፤ ለጥያቄ የሚመረጠው ሐውልትም ከመንገዱ ሳይርቁ የሚነበብ፣ የቅርብ ዘመድ ሐዘኑ ያልበረደበት ያልሆነ አሮጌ ሐውልት እንዲሆን። ጸሐፊው ያዩትን ያንን ከሐውልት ሥር የወጣ ቆርቆሮ ለማስነሣት ግን የኩባንያውን መልስ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የመሬቱ ባለቤት ወይም የመቃብሩ ኃላፊ «ይነሣልኝ» ካለ ማስታወቂያው ከድረ ገጹ ይሰረዛል፤ ማንኛውም የተመዘገበ ተጫዋችም ጉዳዩን ለመርማሪው ማሳወቅ ይችላል። የመቃብሩን ስም ይላኩልኝና እኔው አሳውቃለሁ።